ጎንደር ላይ መጽሐፍ የሚያከራይ ቤት፣ የኮሎኔሉን ታሪክ የተዋስኩበት

ይሄን ሪቪው ለመጻፍ ሳስብ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ስራ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው፣ አሁን ግን መጽሐፎቹን የምመልስበት ቀን ስለደረሰ ሳልጽፍ አልመልስም ብዬ ቁጭ አልኩ። ጎንደር ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡና የሚያከራዩ ቤቶች አሉ፣ እኔም ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ይሄኛው ግን ለኔ ይለይብኛል። በተለይ ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ማንበብ የምትፈልጉ ካላችሁ ከቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ከመልቀም ወይ ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ተለጥፎበት የሚመጣውን ንግግር ከመስማት እዚህ ቤት ሂዱ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ከፒያሳ ወደ ጃንተከል ዋርካው ስትሄዱ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅያስ አለ፣ ጫማ የሚሰፉት ልጆች ከተቀመጡበት ቀጥሎ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታያላችሁ፣ በሩ ላይ በኖራ «መጽሐፍ» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ካላገኛችሁት ልጆቹን የጋሼ መጽሐፍ ቤት በሏቸው ያሳዩዋችኋል። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሶስተኛው ደጅ ይጠብቃል፣ መደርደሪያው እስከ ጣራ ድረስ ነው፣ ከላይ ያለውን ለማውረድ ጋሼ በርጩማ ላይ ይወጣሉ እና እኔ በየጊዜው ልቤ ይሰቀላል ምክንያቱም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ድሮ አስተማሪ ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እንዳልጽፍ ነግረውኛል።

አከራዩ እንዲህ ነው፣ 400 ብር ማስያዣ ታስይዛላችሁ፣ ኪራዩ ለአንድ መጽሐፍ በሳምንት 30 ብር ነው፣ መታወቂያ አይዙም፣ ስምና ስልክ ደብተር ላይ ብቻ ይጽፋሉ። ተማሪ ከሆናችሁ ማስያዣው ግማሽ ነው፣ ይሄን እሳቸው አይናገሩም እናንተ ተማሪ ነኝ በሉ። ሁሉም መጽሐፍ በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኗል፣ ጀርባው የተገነጠለው በክር ተሰፍቷል፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል እና አሁንም ገጹ አልተበተነም። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ይፈቀዳል ግን በእርሳስ ብቻ። ይሄን መጀመሪያ ስሰማ ገርሞኝ ነበር፣ የትኛው የመጽሐፍ ባለቤት ነው ጻፉበት የሚለው? ቆይቶ ነው የገባኝ።

እኔ የሄድኩት ባለፈው ጾም ውስጥ ነው። ጋሼ፣ ስለ መንጌ የተጻፈ ነገር ይኖርዎታል? አልኳቸው።

«የትኛውን? ወታደሩን ነው ፕሬዝዳንቱን?»

አንድ ሰው አይደል እንዴ ስላቸው ምንም ሳይመልሱ በርጩማው ላይ ወጡና በሲባጎ የታሰሩ ሶስት መጽሐፎች አወረዱ። አንደኛው ሰውየው ራሱ ዚምባብዌ ካለችው ከሐረሬ ሆኖ የጻፈው ነው፣ ሁለተኛው ከሱ ጋር ያገለገለ መኮንን የጻፈው፣ ሶስተኛው ደግሞ በዛ ዘመን ወጣት ሆኖ ታስሮ የወጣ ሰው ትዝታ ነው። የፈለግኩት የመጀመሪያውን ነበር፣ እሱን ብቻ ይስጡኝ አልኳቸው።

«የኮሎኔሉን ለብቻ አላከራይም ልጄ። ሶስቱን ውሰጂ፣ የአንዱን ክፈይ።»

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደስ አላለኝም፣ ጊዜ የለኝም፣ ሶስት መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ማን ያነባል። የአንዱን ክፈይ ሲሉ ግን መከራከር አፈርኩና ተሸክሜ ወጣሁ። ጊዜውንም አራዘሙልኝ፣ ጨርሰሽ አምጪ ብለውኝ ነው እስካሁን እኔ ጋ የቆየው።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። እኛ ቤት የዚህ ሰው ስም አይነሳም። አባቴ በ1969 ሶማሌ ስትወር ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የዘመተ ሚሊሻ ነው፣ ከዛ በኋላ ወደ ሰሜን ተወስዶ ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ በነበረው ናደው እዝ ዓመታት ቆየ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ ተማሪ ነበር፣ በ1970 እዚሁ ጎንደር ከቤቱ ወስደውት አልተመለሰም። እንግዲህ ሁለቱ ተጋብተው እኛን ወልደው አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንድ ሰው ቡና ላይ መንጌ ካለ አባቴ «ያገር ሰው ነበር» ይላል፣ እናቴ ሲኒ አነሳለሁ ብላ ትነሳለች፣ በቃ ወሬው እዛ ላይ ያልቃል። ልጅ ሆኜ ጀምሮ እንዲህ ነው። እኔ አሁን ልጆች አሉኝ፣ ልጄ ከስልክ ላይ አይታ «እማ መንግሥቱ ጀግና ነው አይደል?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

አባቴ ዓይኑ ሞራ ስላለበት ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ ማታ ማታ እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ። መጀመሪያ የሰውየውን የራሱን ጀመርን። እናቴ ጓዳ ነበረች፣ በሩን አልዘጋችውም።

የመጀመሪያው የልጅነት ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም፣ ከወታደር ቤተሰብ መወለዱን ሁሉም ይስማማሉ፣ በየት ዓመት እንደተወለደ ግን ስለሱ የተጻፉት መጽሐፎች እርስ በርስ አይገጥሙም። ሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ገብቶ መኮንን ሆኖ ወጣ፣ ስራው የመሳሪያ ግምጃ ቤት ነበር፣ አሜሪካ ሄዶ ሰልጥኗል፣ ከዛ ሐረር ሶስተኛ ክፍለ ጦር። አባቴ እዚህ ላይ አስቆመኝ፣ «ግምጃ ቤት የሰራ ሰው የሁሉንም ሰው ጎዶሎ ያውቃል፣ ማን ጫማ እንደሌለው ማን ጥይት እንዳነሰው» አለኝ። ይሄ የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም፣ የወታደር አስተያየት ነው፣ ብዙ ነገር ግልጽ አደረገልኝ።

በሰኔ 1966 ከየክፍሉ የተወከሉ ወታደሮች አዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ሲሰበሰቡ ሻለቃ መንግሥቱ ከሐረር ተልኮ መጣ። መቶ ምናምን ሰው ነው የተሰበሰበው፣ ደርግ የሚባለው እሱ ነው፣ ብዙዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። በመስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረዱ። ጄኔራል አማን አንዶም ሊቀመንበር ሆኑ፣ ሁለት ወር ከምናምን ቆይተው ሕዳር 14 ተገደሉ፣ በዛው ሌሊት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ያሉበት ወደ 60 የሚሆኑ ሹማምንትና መኮንኖች ያለፍርድ ተረሸኑ። ቀጥሎ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ መጡ፣ እሳቸውም ጥር 26 ቀን 1969 ከነባልደረቦቻቸው ተገደሉና መንግሥቱ ብቻውን ከላይ ሆነ። በዛው ዓመት ማብቂያ ላይ ገና አልተረጋጋም፣ ሕዳር 1970 ምክትሉ ኮሎኔል አጥናፉ አባተም ተገደሉ። ሶስት ዓመት ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ። የሰውየውን መጽሐፍ ስታነቡት እያንዳንዱ ሞት ምክንያት አለው፣ አንዱ ሴራ ሲሸርብ ተያዘ፣ አንዱ አብዮቱን ሊቀለብስ ነበር፣ እና አጻጻፉ ጥሩ ስለሆነ ታምናላችሁ፣ እኔ አምኜ ነበር። ከዛ የመኮንኑን መጽሐፍ ከፍታችሁ ያንኑ ቀን ስታነቡ እዛው ግቢ ውስጥ የነበረ ሰው ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ጋሼ ለምን በሲባጎ እንዳሰሯቸው የገባኝ እዛ ላይ ነው። በነጠላ የተነበበ ይሄን ታሪክ ያጣምመዋል።

አሁን የዚህን ቤት ትልቁን ነገር ልናገር፣ ሕዳጉ ላይ ያለው የሰው ጽሑፍ። እነዚህን መጽሐፎች ከኔ በፊት ብዙ ሰው ተከራይቷቸዋል፣ ሁሉም በእርሳስ የሆነ ነገር ጽፎ አልፏል። የየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ያለበት ገጽ ላይ አንድ ሰው ከታች በጣም በጥንቃቄ በተጻፈ የድሮ ፊደል «አባቴ ጭሰኛ ነበር። ከዚህ ቀን በኋላ ለማንም አልሰገደም» ብሎ ጽፏል። ከሱ ስር ሌላ እጅ፣ ፈጠን ያለ ጽሑፍ፣ «የኔ አባት መሬት አገኘ፣ ልጁን ሰጠ» ይላል። ሁለት መስመር ናቸው። እዛ ገጽ ላይ ደጋግሜ ተመልሻለሁ። ያው እዚህ በጌምድር መሬቱ ከዘር የሚወረስ ርስት ስለነበረ የመሬቱ ነገር እንደ ደቡቡ አልነበረም፣ አዋጁን የተቀበለው ሰው እዛ እንደነበረው እዚህ አልጨፈረም፣ የጻፈው ሰው ከዛ ወገን የመጣ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ጎንደር ላይ ይህችን መጽሐፍ ይዞ ተቀምጦ አባቱን አስታወሰ። ፒዲኤፍ ይሄን አይሰጣችሁም።

ሌላ ገጽ ልጨምር። መንግሥቱ ሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ቆሞ ቀይ ሽብርን ሲያውጅ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች የሰበረበት ቀን። ሁላችሁም ፎቶውን ታውቁታላችሁ። የሶስተኛው መጽሐፍ፣ የእስረኛው፣ እዛ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ራሱ ሳስቷል፣ ጠርዙ በጣት ጠቁሯል፣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ እንደቆየ ያስታውቃል። ሕዳጉ ላይ ስም ነው ያለው። ስም፣ የሰፈር ስም፣ ዓመት። አንዳንዱ ስም ብቻ። አስራ ምናምን ስም ቆጠርኩ፣ እዚህ አልጽፋቸውም፣ የቤተሰብ ነገር ነው። ጎንደር ላይ መላኩ ተፈራ ክፍለ ሀገሩን በሚያስተዳድርበት ጊዜ የሆነውን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም፣ እናቶች ሁለተኛ አልወልድም ብለው ያለቀሱት ሙሾ እስከ ዛሬ ከአፍ አልወጣም፣ እሱ ተፈርዶበታል ያም ይታወቃል። ግን መንግሥቱ በራሱ መጽሐፍ ይሄን ዘመን ሲተርክ እነሱ፣ ኢሕአፓዎቹ ማለቱ ነው፣ ቀድመው ተኮሱብን ነው የሚለው፣ ነጭ ሽብር ነበር ይላል። ነበርም፣ በከተማ ግድያ የጀመሩ ነበሩ፣ ይሄን መኮንኑም ይጽፋል። ነገር ግን የአስራ ሰባት ዓመት ተማሪ ከእናቱ ቤት አውጥቶ መግደልን ያ አይመልሰውም። እዚህ ላይ እኔ ወገን አለኝ፣ አልደብቅም።

አባቴ ያን ሌሊት ምንም አልተናገረም። ማግስቱን የሶማሌን ጦርነት ስናነብ ግን ተነስቶ ቁጭ አለ፣ ገና ካራማራ ሳልል ካራማራ አለ፣ የካቲት 1970 ጂጂጋ ስትመለስ የነበረ ሰው ነው። ሊከለከል የማይገባው ኩራት ነው ይሄ፣ እኔም አልከለክለውም፣ ከፊታቸው የነበረው ጦር ሐረር አፍንጫ ስር ደርሶ ነበር፣ ኩባዎቹም የሶቪየት መሳሪያም መጥቶ ነው የተቀለበሰው ግን የሞተው ገበሬው ነው። «ሰውየው ባይኖር ዛሬ ሐረር የለችም» አለኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ሐረርን ያዳኑት አንተና ጓደኞችህ ናችሁ» አለችው። በሕይወቴ ስለዚህ ነገር ሁለቱ ሲነጋገሩ የሰማሁት ያኔ ነው፣ እጄ ላይ ያለው መጽሐፍ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል።

ከዛ በኋላ ያለውን ፈጠን ልበል። ኢሠፓኮ የተባለው የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ፓርቲው ኢሠፓ፣ የ1977ቱ ረሃብ እና በዛው መስከረም የተደገሰው አስረኛ ዓመት በዓል፣ ሰፈራ፣ መንደር ምስረታ፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሶስቱም መጽሐፎች ላይ አለ። ፕሬዝዳንት የሆነው በ1979 ጳጉሜ ላይ ነው፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጥቶ ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቁሞ፣ አገሩም ኢሕዲሪ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተባለ። መሀል ላይ ፎቶዎች አሉ፣ መጀመሪያ በካኪ፣ ኋላ በሙሉ ልብስ። አንድ ያስገረመኝ ነገር ጄኔራል እየሾመ እሱ ራሱ እስከ መጨረሻው ሌተና ኮሎኔል ሆኖ መቅረቱ ነው። አባቴን ስጠይቀው «ማዕረግ አያስፈልገውም ነበር፣ ማዕረግ የሚፈራው እሱን ነው» አለኝ። የጋሼ ጥያቄ፣ ወታደሩን ነው ፕሬዝዳንቱን ያሉኝ፣ እዚህ ትዝ አለኝ። ፕሬዝዳንት ሆኖ የቆየው አራት ዓመት እንኳ አልሞላም፣ እና በነዚያ ዓመታት የሰራውን ስታዩ ሸንጎው ውስጥም ሆኖ የሚያዝዘው እንደ ጦር ሰፈር ነው፣ ማንም አይ ሊለው አይችልም።

አባቴን የሰበረው ግን 1980 ነው። የናደው እዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ አይኔ። አባቴ በሳቸው ስር ነበር። መንግሥቱ ወደ ሰሜን ሄዶ አስረሸናቸው፣ በሳምንታት ውስጥ መጋቢት ላይ የእዙ ሰፈር የነበረችው አፋቤት ወደቀች፣ እዙ እንዳለ ፈረሰ። ሰውየው በዚህ ላይ የሚሰጠውን ምክንያትና መኮንኑ የጻፈውን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩለት። ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። ከዛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዛን ቀን ወዲህ «ያገር ሰው ነበር» ሲል አልሰማሁትም፣ ይሄን የምጽፈው አሸነፍኩ ለማለት አይደለም፣ አባቴ የተሸከመውን ነገር በዚህ ዕድሜው ስም አገኘለት ነው የምለው።

ቀሪው እንደምታውቁት ነው፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበር ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ እነ መርዕድ ንጉሤና አምሃ ደስታ እዛው አለቁ፣ ከተያዙት አስራ ሁለት ጄኔራሎች በዓመቱ ተረሸኑ። ጦሩ ጭንቅላት ሳይኖረው ቀረ። በ1983 የካቲት ላይ ጎንደር ከእጁ ወጣች፣ ግንቦት 13 ቀን እሱ በናይሮቢ አድርጎ ዚምባብዌ ገባ። ታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፣ ግንቦት 2000 ሞት ተፈረደበት፣ እሱ ግን ሐረሬ ነው። በዚህ ገጽ ሕዳግ ላይ አንድ ሰው ረጅም ነገር ጀምሮ ሰርዞታል፣ ምን ሊል እንደነበር ብርሃን ላይ አድርጌ ብሞክር ሊነበብ አልቻለም።

የጎደለውንም ልናገር፣ ሪቪው ስለሆነ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ከጠፋ የመጽሐፉን ጀርባ ማንበብ አይቻልም። አቧራ አለ፣ አስም ያለባችሁ ማስክ አድርጉ። ስልክ ደውሎ አስቀምጡልኝ ማለት የለም፣ ማን እንደወሰደው ለማወቅ መሄድ ግድ ነው። በየወሩ በ12 እና በ21 ይዘጋል፣ ሌላም በዓል ሲሆን። ከሶስቱ መጽሐፎች አንዱ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ፎቶዎቹ ጠቁረዋል የሰው ፊት አይለይም፣ ኦሪጅናሉን ተከራይቶ የወሰደ ሰው እንዳልመለሰው ነግረውኛል፣ እባካችሁ የወሰዳችሁ መልሱ። ግን ኮፒም ቢሆን ገጹ ሙሉ ነው፣ ራሳቸው ቆጥረው ነው የሚያከራዩት። ይሄን የምለው ከዛ በፊት ሌላ ቦታ 650 ብር ከፍዬ ስለ ደርግ ዘመን አንድ መጽሐፍ ገዝቼ መሀሉ ላይ አስራ ስድስት ገጽ ባዶ ሆኖ አግኝቼው ስለነበረ ነው፣ ልመልስ ስሄድ አንዴ ከወጣ አንቀበልም አሉኝ። ጋሼ ጋ ግን አንድ ገጽ የተቀደደ ካለ መጀመሪያ ከፍተው ያሳዩዋችኋል፣ ደብተሩ ላይም ይጽፉታል፣ ስትመልሱ በናንተ እንዳይላከክ።

ሌላው ያልወደድኩት አርፍደው መክፈታቸው ነው፣ ግን ዕድሜያቸውን ሳይ ይሄን መጻፌም ይከብደኛል።

አሁን ስለ እናቴ። እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ በ1971 ሐምሌ ከተጀመረው፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ማታ ማታ፣ የምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ ከሳጥኗ ስር በነጠላ ተጠቅልሎ አለ። ዘመቻው ዩኔስኮ የሸለመው ነው፣ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረውበታል፣ ይሄን ማንም ሊነጥቀው አይችልም። ወንድሟን በወሰዱባት በሁለተኛው ዓመት ያው መንግሥት ፊደል አስቆጠራት። እናቴ በዚህ ላይ የምትለው ነገር የላትም፣ ስጠይቃት «አስተማሪዋ ጥሩ ልጅ ነበረች» ብቻ ነው ያለችኝ።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እኔ ወጥ እየሰራሁ ሳለሁ ሶስተኛውን መጽሐፍ፣ የእስረኛውን፣ ይዛ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። አላነጋገርኳትም። ቡናው እስኪፈላ ሁለት ገጽ ሄደች። ስሞቹ ያሉበት ገጽ ላይ ስትደርስ አንድ በአንድ ጣቷን እያስነካች ወረደች፣ አንዱ ላይ ቆማ «ይሄን አውቀዋለሁ፣ የእናቱ ቤት ከኛ ቤት ከፍ ብሎ ነበር» አለች። ከዛ ቀና ብላ «እዚህ መጻፍ ይቻላል?» አለችኝ። በእርሳስ ይቻላል አልኳት። የልጄን እርሳስ አመጣሁላት፣ ጫፉ ስላለቀ በቢላ ቀረጽኩት። ስሙን ጻፈች፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መሠረተ ትምህርት ላይ እንዳስተማሯት ሁሉ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የምትጽፈው። ቀጥሎ 1970። ቀጥሎ ቦታ ስላጠረባት ወደ ታች ወርዳ «ወንድሜ» ብላ ጨመረች። እርሳሱን መለሰችልኝና ቡናው ገነፈለ አለችኝ።

ከዛ በኋላ ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር፣ ስም ተጽፎበታል፣ ይቅርታ ያድርጉልን ብዬ። ምን ይቅርታ አለው አሉኝ፣ ለዚህ ነው እርሳስ ያልኩት፣ በእስክሪፕቶ ከሆነ ወረቀቱን ቀድዶ ከጀርባ ያለውን ሰው ስም ያጠፋዋል።

ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሶስቱን መጽሐፍ ማንበብ አትችልም ገና፣ ግን ያን ገጽ አሳይቻታለሁ፣ የአያቷን ጽሑፍ። ጀግና ነው ወይ ብላ የጠየቀችኝን አልረሳችውም። አያትሽ ያዳነውን ነገርኳት፣ አያትሽ ያጣችውን ነገርኳት፣ በተራ በተራ። ወንድምየው ስንት ዓመቱ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አስራ ሰባት አልኳት።

መሄድ ለምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ከሶስት ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ያኔ ጸሐይዋ በበሩ በኩል ስለምትገባ መደርደሪያው ይታያል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ በሞባይል አይቀበሉም። ስለ ኮሎኔሉ ብቻ ሳይሆን የንጉሡ ዘመን ሰዎች የጻፉት፣ የድሮ መጽሔቶች፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍትም አላቸው፣ ለልጆች ተረት ከታች በግራ በኩል ነው። በሲባጎ የታሰሩትን ሶስቱን ለምትፈልጉ አሁን እኔ ጋ ናቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት እመልሳቸዋለሁ።